የሩጫ ጫማ ከየት ተነሥቶ ወዴት ደረሰ?

ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ድል ማድረጉን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ያ ድል «ጫማ ትርፍ ነገር ነው» ለማለት ማስረጃ ይሆናልን? መልሱን ለማግኘት የሩጫ ጫማን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት።

ጥንት የሩጫ ጫማ ከቆዳ የሚሰፋ፥ ከባድና ደረቅ ነበር። የተፈጥሮ ላስቲክም በሙቀት ስለሚለሰልስ፥ በብርድም ስለሚሰነጠቅ አይመችም ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጽናት የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ፤ ከዚህም በኋላ የላስቲክ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ተስፋፋ። በ1936 እ.ኤ.አ. ጄሲ ኦውንስ በበርሊን አራት የወርቅ ሜዳይ ሲያገኝ፥ አዶልፍ ዳስለር የተባለ ጀርመናዊ የሠራውን ባለ ሹል ጫማ አድርጎ ነበር። ዳስለርና ወንድሙ ሩዶልፍ ኋላ ሲለያዩ አንዱ አዲዳስን፥ ሌላው ፑማን አቋቋመ።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው እንመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ በሮማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። ባዶ እግሩን የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተስማማው ነው እንጂ ጫማን ስለ ናቀ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ዳግመኛ አሸነፈ።

ስለዚህ ባዶ እግር መሄድን የጀግንነት ምልክት አድርገን ለልጆቻችን አናስተምር። በቀይ አፈር ደጋ አገር ለብዙ ዘመን ባዶ እግሩን የኖረ ገበሬ ዝሆኔ በሚባለው የእግር እብጠት ሊያዝ ይችላል፤ ይህንንም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል።

ዛሬ የሩጫ ጫማ በቀላል ስፖንጅና በካርቦን ዝርግ ይሠራል። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰኮንድ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፥ ያደረገችው ጫማ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ብቻ ነበር፤ ዋጋው ግን 500 ዶላር ነበር። ከፀዳ ወደ አዘዞ በበረባሶ ለሚሮጥ ልጅ ይህ ሩቅ ነገር ነው። እርሱ የሚሻው ክብረ ወሰን የሚያሰብር ጫማ ሳይሆን፥ በልኩ የሆነ፥ የማይልጥ፥ ክረምትን የሚያሻግር ጫማ ነው።

እንግዲህ እናንተ ወላጆች ሆይ፤ ለልጃችሁ ጫማ ስትገዙ ማማሩን ሳይሆን ልኩን ተመልከቱ። ጫማ ለእግር ይሠራል እንጂ እግር ለጫማ አይሠራምና።