ቁጥሩ ያልተወሰነ ግብዓት የሚቀበል ፋንክሽን፤ ከስም መዝገብ አንጻር

በጅጅጋና ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ በሚገኙት እንደ ቀብሪ በያህና ቱግ ውጫሌ ባሉት ከተሞች የሚያስተምር መምህር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መሐመድ አሕመድ አሊ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ቢያጋጥሙት የሚደነቅ አይደለም። እነዚህን ለመለየት አራተኛው፣ አንዳንዴም አምስተኛው ስም ይጠየቃል። ተማሪው ለመልሱ ብዙ አይቸገርም፤ አብቲርሲ የሚባለውን የትውልድ ሐረግ አቆጣጠር በቃል መያዝ በሶማሌ ኅብረተሰብ የቆየ ልማድ ነውና።

ችግሩ የሚመጣው መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ነው። ፕሮግራሙ የተማሪውን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ከተጻፈ፣ የአንዱ መሐመድ ማርክ በሌላው ካርድ ላይ ሊሰፍር ይችላል። አምስት ሳጥን ማበጀትም ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም፤ ስድስት ስም ለሚቆጥረው ያንሳል፣ ሦስት ላስመዘገበው ይተርፋል።

ፋንክሽን ማለት ግብዓት ተቀብሎ አንድ የተወሰነ ሥራ የሚፈጽም የፕሮግራም ክፍል ነው። የግብዓቱ ብዛት እንዲለዋወጥ ከተፈቀደ ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ ይኸውም ግብዓቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ፋንክሽኑ በምን ያውቃል የሚለው ነው።

በሲ ቋንቋ ይህን የማሳወቁ ኃላፊነት የፕሮግራም ጸሐፊው ነው። ፕሪንትኤፍ የተባለው የታወቀ የጽሑፍ ማውጫ ፋንክሽን ስንት ግብዓት እንደሚጠብቅ የሚረዳው በመጀመሪያ ከሚሰጠው አብነት ነው። አብነቱ ሦስት ይመጣሉ ብሎ ሁለት ብቻ ቢሰጡት፣ የሌለውን ሦስተኛ ለማንበብ ይሞክራል፤ የሚያገኘውም ትርጉም የሌለው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ሌላው ዘዴ የማብቂያ ምልክት ማድረግ ነው። እዚህ ላይ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ አደጋ አለ። የማርክ አማካይ የሚያወጣ ፋንክሽን 0 ሲያገኝ እንዲያቆም ተደርጎ ተጽፎ 80፣ 70፣ 0፣ 30፣ 40 እና የማብቂያው 0 ቢሰጡት፣ ከሁለተኛው ማርክ በኋላ ያቆምና አማካዩ 75 ነው ይላል። ትክክለኛው አማካይ ግን 44 ነው። 0 ያገኘው ተማሪ ከርሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ ይዞ ከሒሳቡ ወጣ ማለት ነው። ስለሆነም ምልክቱ ማርክ ሊሆን የማይችል ቁጥር፣ ለምሳሌ −1፣ መሆን ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የቀረበው የፓይተን ቋንቋ አሠራር ከዚህ የተሻለ ነው። በግብዓቱ መጠሪያ ፊት አንድ ኮከብ ምልክት ሲደረግ፣ የቀሩት ግብዓቶች ሁሉ በተራቸው በአንድ ጥቅል ይሰበሰባሉ፤ ብዛታቸውንም ከጥቅሉ ማወቅ ይቻላል። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ጃቫስክሪፕት በ2015 ተመሳሳይ ስልት ጨምረዋል። በዚህ መሠረት የመዝገባችን ፋንክሽን «መዝግብ(ስም፣ የአባት_ስም፣ *ሌሎች_አያቶች)» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱ የመጀመሪያዎች ግዴታ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው አንድም ይሁን ስድስት፣ ወይም ከነጭራሹ ባይኖር፣ ፋንክሽኑ ይቀበላል። ጥቅሉ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ግን መዘንጋት አይገባም፤ ምንም ማርክ ሳይሰጠው አማካይ አውጣ የተባለ ፋንክሽን ለዜሮ ለማካፈል ሞክሮ ይቆማል።

ፕላን አውጪዎች ይህን ስልት ላገኙት መረጃ ሁሉ እንዲያውሉት አንመክርም። የእናት ስምና የትውልድ ዘመን የየራሳቸው ትርጉም ስላላቸው የተለየ ቦታ ይሻሉ፤ ከአያቶች ጋር በአንድ ጥቅል ቢገቡ የእናቲቱ ስም እንደ ቅድመ አያት ስም ይነበባል። ክፍት መሆን ያለበት፣ እንደ ትውልድ ሐረግ ሁሉ ዓይነቱ አንድ ሆኖ ብዛቱ ብቻ የሚለያይ ነገር ነው።

የፍለጋውም ፋንክሽን በዚሁ መልክ ቢጻፍ፣ መምህሩ የያዘውን ያህል ስም ብቻ ይሰጠዋል። ሦስት ስም ሲያስገባ ሁለቱም መሐመዶች ይወጡለታል፤ አራተኛውን ሲጨምር የሚፈልገው አንዱ ብቻ ይቀራል፤ አራተኛውም ከተመሳሰለ አምስተኛውን ይጠይቃል።