ገመድ አልባው ካርድ እምቢ ሲል

ከእቁብ በደረሰዎት ገንዘብ ለልጆች ትምህርትና ለራስዎ የማታ ሥራ ይሆናል ብለው ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዝተው ይሆናል። ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፤ ዋይፋይ መቀበያ ግን የለውም። ካርዱን ለብቻው ገዝተው አስገቡት፤ ሲከፍቱት ምንም ምልክት የለም። ከቤተሰቡ አንዱ «ተታለልሽ» ይላል፤ ሌላው «ድሮውንም ይህ የአንቺ ሥራ አልነበረም» ይላል። የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ከሚወጣበት ደመወዝ ላይ ሁለተኛ ካርድ መግዛት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ካርድ አልሠራም ማለት ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ይመርምሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኬዙን ከመፍታትዎ በፊት ኮምፒውተሩን ዘግተው ሶኬቱን ከግድግዳው ይንቀሉ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት መሆኑ አይዘንጋ። ከነቀሉም በኋላ መክፈቻውን ለጥቂት ሰኮንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስጨርሱ። ካርዱን ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ብረት ይንኩ፤ ከሹራብና ከናይለን ልብስ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ካርዱን ሊጎዳው ይችላልና። የኃይል ማከፋፈያውን ሣጥን ግን በፍጹም አይፍቱት። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቆይ ይችላል።

አሁን ኮምፒውተሩን ከፍተው «ዲቫይስ ማኔጀር» የተባለውን ገጽ ይመልከቱ። የስታርቱን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ስሙ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የሚያዩት ነገር ከአራቱ አንዱ ነው።

አንደኛ፤ ካርዱ ጭራሽ አይታይም። ይህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በሚገባ አልተሰካም ማለት ነው። እንደገና ከሶኬት ነቅለው ካርዱን ያውጡና በቀጥታ፣ ሳያዘነብሉ፣ እስኪገጥም ድረስ ይጫኑት። ከዚያም ብሎኑን በካቻቢቴ ያጥብቁ። አሁንም ካልታየ ሌላ ተመሳሳይ መሰኪያ ይሞክሩ። የድሮው ፒሲአይ መሰኪያና የዛሬው ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተለያዩ ስለሆኑ አልገባ ያለውን በጉልበት አያስገቡ።

ሁለተኛ፤ ካርዱ ይታያል፤ ነገር ግን ቢጫ ምልክት አለበት። የጎደለው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው። «ኢንተርኔት ሳይኖረኝ ከየት አመጣለሁ?» ይሉ ይሆናል። የአንድሮይድ ስልክዎን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው በስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ገመዱ ግን ቻርጅ ብቻ ሳይሆን መረጃም የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በዚህ መንገድ ድራይቨሩን ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ማውረድ ይቻላል። አንዳንድ አዳዲስ ካርዶች ለዊንዶውስ 7 ድራይቨር የላቸውም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በ2025 ስላበቃ ካርድ ሲገዙ ለየትኛው ዊንዶውስ እንደሚሆን በካርቶኑ ላይ ያንብቡ።

ሦስተኛ፤ ቢጫ ምልክት የለም፤ ግን የቤትዎ ዋይፋይ ስም አይወጣም። አንቴናው ከኋላ መጥበቁን ይመልከቱ። ኬዙ ብረት ስለሆነ፣ ከጠረጴዛ ሥር ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ሞገዱን ይጋርደዋል፤ ፈቀቅ ያድርጉት። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ አንዳንድ ካርዶች የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ራውተርዎ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ ስሙን ሊያዩት አይችሉም፤ በራውተሩ ላይ 2.4ን ማስከፈት ይበቃል።

አራተኛ፤ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፤ ነገር ግን ገጾቹ አይከፈቱም። ይህን ጊዜ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ቀን ይመልከቱ። ባገለገለ ኮምፒውተር ውስጥ ሰዓት የምትጠብቀው ሲአር 2032 የተባለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስታልቅ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ገጾቹም የደኅንነት ማረጋገጫው አይሠራም ብለው ይዘጋሉ። ቀኑን ያስተካክሉ፤ ባትሪዋን ይለውጡ። አሮጌዋን ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። ከተዋጠች ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ካርዱ ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይታይ ከሆነ በጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ይሞከር። እዚያም ካልታየ በእርግጥ ተበላሽቷልና ከነደረሰኙ ለሻጩ ይመልሱት። እስከዚያ ግን አይጣሉት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ልጆችዎም አጠገብዎ ቆመው ሲያዩ፣ እናታቸው የፈታችውን መልሳ መግጠም እንደምትችል ይማራሉ።