የግራፊክስ ድራይቨር በሰቆጣ ሚዛን

ሰቆጣ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንበት፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የተለጠጠ ስክሪን ነው። ፊደሉ ይገዝፋል፣ ቪዲዮ ሲከፈት ይንቀራፈፋል። የዕቃዎች ዝርዝር ሲከፈት የካርዱ ስም መኖር በሚገባው ቦታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ተጽፏል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ድራይቨር አልተጫነበትም።

ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በካርዱ መካከል የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሰቆጣ ካለችበት ከዋግ ኽምራ ውጪ የመጣ ሐኪም ኽምጣና ብቻ የሚናገሩ እናት ሲያክም መሐል ላይ እንደሚቆመው አስተርጓሚ ነው፤ እሱ ከሌለ ሁለቱም ወገኖች ደህና ሆነው ሥራው ይቆማል። የግራፊክስ ድራይቨር ግን ከዚህም በላይ ይሠራል። ጌሞችና የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች የሚልኩትን ትእዛዝ ካርዱ ወደሚያውቀው ኮድ የሚቀይር ኮምፓይለር በውስጡ አለ፤ የካርዱን ሜሞሪ ያከፋፍላል፤ ለታወቁ ጌሞች ለየብቻ የተሠሩ ማስተካከያዎችንም ይይዛል። ፋይሉ የሚገዝፈው በዚህ ምክንያት ነው። የኤንቪዲያም ሆነ የኤኤምዲ የዊንዶውስ ድራይቨር ዛሬ ከ600 ሜጋባይት በላይ ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 600 ሜጋባይት ለማውረድ 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ።

ድራይቨሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ይሠራል። ሌላው ከርነል በሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሚገባ፣ እዚያ የሚፈጠር ስሕተት መላውን ማሽን ይጥላል። ማይክሮሶፍት በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገበያ ባወጣው ቪስታ ይህን ጉዳት ለመቀነስ ብዙውን ሥራ ከከርነል አወጣ፤ ካርዱ ለ2 ሴኮንድ መልስ ካልሰጠም ድራይቨሩ ብቻ ጠፍቶ እንዲነሣ አደረገ። ስክሪን ለቅጽበት ጠቁሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ለውጡ ግን የካርድ ኩባንያዎቹን ድራይቨራቸውን እንደ አዲስ አስጻፋቸው። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ በወጡ የማይክሮሶፍት ሰነዶች መሠረት፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 28.8 በመቶው ከኤንቪዲያ ድራይቨር የመጡ ነበሩ፤ ኤኤምዲ በ2006 የገዛው ኤቲአይ 9.3፣ ኢንቴል 8.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ቁጥሩ ብዙ ይጠቀሳል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ስንት ካርድ በሥራ ላይ እንደነበረው ሳይታወቅ ጥራትን አያወዳድርም። ብዙ መኪና ያለው ድርጅት ብዙ አደጋ ቢያስመዘግብ አይገርምም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ለማንም አያደላም። የኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ካርዶች በ2019 ሲወጡ ስክሪን የሚያጠቁር ችግር ይዘው መጡ፤ ዋናው ማስተካከያ የደረሰው በየካቲት 2020 ነው። ኢንቴል በ2022 አርክ የተባሉትን ካርዶቹን ሲያወጣ አሮጌ ጌሞች በጣም ይንቀራፈፉ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ብዙው ተስተካከለ። በ2025 ደግሞ ተራው የኤንቪዲያ ሆነ፤ አዲሶቹ የ50 ተከታታይ ካርዶች ስክሪን እያጠቆሩ ኩባንያው ማስተካከያ በማስተካከያ ላይ ደራረበ። ከዚህ የሚታየው ከካርዱ ስም ይልቅ ዕድሜው የበለጠ እንደሚናገር ነው። አንድ ዓመት የሞላው ካርድ የማንም ይሁን ድራይቨሩ ይረጋጋል።

ሰቆጣ የሚደርሰው ካርድ ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ጣጣ እዚያ አይታይም። የሚታየው ሌላኛው ጫፍ፣ የድጋፍ ማብቂያው ነው። ኤንቪዲያ በ2012 የጀመሩትን የኬፕለር ካርዶች ከአዲስ ድራይቨር ያወጣው በ2021 ሲሆን፣ የደኅንነት ማስተካከያውን እስከ 2024 ቀጥሏል። ኤኤምዲ የዚያው ዘመን ካርዶቹን በሰኔ 2021 ተወ። ኢንቴል ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ያሉ ፕሮሰሰሮቹን ግራፊክስ በ2022 ወደ ጥገና ብቻ አዛወረ፤ ለ10ኛው ትውልድ ይህ ቶሎ የመጣ ነው። በዚህ መለኪያ ኤንቪዲያ ይሻላል።

በአጠቃቀም ቀላልነት መሻል አለመሻሉ በኔትወርክ ላይ ይመሠረታል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዋግ ኽምራ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ቆይቷል፤ ኩባንያዎቹ ግን ሁልጊዜ መስመር ያለው ሰው እያሰቡ ይሠራሉ። ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ የተባለው የኤንቪዲያ ድራይቨር ማደሻ ፕሮግራም ከ2016 ጀምሮ አካውንት ከፍተው ካልገቡ አያገለግልም ነበር፤ ግዴታው የቀረው በ2024 በተተኪው የኤንቪዲያ አፕ ነው። ኢንቴል በ2019 መቆጣጠሪያውን በማይክሮሶፍት ስቶር በኩል ማሰራጨት ጀመረ። ኤኤምዲ ካርዱን ራሱ የሚለይ ትንሽ ፋይል ያቀርባል፤ ምቹ ይመስላል፣ ነገር ግን ዋናውን ጭነት የሚያወርደው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው። በፍላሽ ወደ ሌላ ማሽን ለመውሰድ ሙሉውን ፋይል ፈልጎ ማውረድ ያስፈልጋል። ሦስቱም ሙሉ ፋይል አላቸው፤ ልዩነቱ ተጠቃሚው እሱን ለማግኘት ስንት ገጽ ማለፍ እንዳለበት ነው። ጠጋኞች ድራይቨር ፓክ የተባለውን ግዙፍ ስብስብ በሃርድ ዲስክ ይዘው የሚዞሩት ይህን ለመዝለል ነው። ስብስቡ ስክሪኑን ያስተካክላል፣ ያልተጠየቀ ፕሮግራምም አብሮ ይጭናል።

መብራት ሲጠፋስ? ድራይቨር ሲቀየር አሮጌው ይነሣል፣ አዲሱ ይገለበጣል፣ ከዚያ ሬጅስትሪ የተባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ይጻፋል። መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ግማሹ የአሮጌው ግማሹ የአዲሱ ይሆናል። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ወደ ቤዚክ ዲስፕሌይ ስለሚመለስ ስክሪኑ አይጠፋም፤ ከዚያ በሴፍ ሞድ ገብቶ ዲዲዩ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ቅሪቱን ማጽዳት ነው። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ አሮጌውን ጠርጎ የመጫን ምርጫ በራሳቸው ፋይል ውስጥ አስገብተዋል። የኤኤምዲው በ2023 መጀመሪያ፣ ዊንዶውስ ራሱን እያሻሻለ ሳለ ሲጫን በጥቂት ማሽኖች ላይ ዊንዶውሱን ራሱን እስከ ማበላሸት ደርሶ ነበር።

በሊኑክስ ሚዛኑ ይገለበጣል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ከፍላሽ ሲነሣ ስክሪኑ ምንም ሳይወርድ ይስተካከላል። ኤንቪዲያ ለዓመታት ድራይቨሩን ዘግቶ ይዞ ነበር፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአደባባይ የሰደበው ለዚህ ነው። ኩባንያው የከርነሉን ክፍል በ2022 ቢከፍትም የሚያገለግለው ከ2018 ወዲህ ለወጡ ካርዶች ነው። በፈቃደኞች የተጻፈው ኑቮ ስክሪኑን ያሳያል፣ ከ2014 እስከ 2018 በወጡ ብዙ ካርዶች ላይ ግን ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ አይችልም።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ለጽሕፈት፣ ለትምህርትና ለቢሮ የኢንቴል ውስጠ ግንብ ግራፊክስ ይበቃል፤ ከሁሉ ያነሰ ጣጣ ያለውም እሱ ነው። ሊኑክስ ለሚጠቀም ኤኤምዲ። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ግን ከኤንቪዲያ የሚርቅበት ምክንያት አይታየኝም፦ የአዶቤ ፕሪሚየር በካርድ መፋጠን በ2010 ሲጀምር የሚሠራው ኩዳ በተባለው የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በኋላ ቢገቡም ኤንቪዲያ ያገኘውን ቅድሚያ አልለቀቀም። ለእንዲህ ያለ ቤት አዲስ የወጣውን ድራይቨር ማሳደድ ጥቅም የለውም። የሚሠራውን ሙሉ ፋይል በሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ፣ ዊንዶውስ አፕዴት በራሱ ድራይቨር እንዳይቀይር መዝጋት ይበቃዋል። ላፕቶፑ ኢንቴልና ኤንቪዲያን ደርቦ የያዘ ከሆነ ሁለት ፋይል ያስፈልጋል፤ ስክሪኑን የሚነዳው ብዙ ጊዜ ኢንቴሉ ስለሆነ እሱን ማስቀደም ይሻላል።