የሸክላው ድምፅ እንዴት ይመለሳል?

ድሬዳዋ ውስጥ ባንድ ስቀዳ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ «እንደ ድሮ ሸክላ አስመስልልን» የሚለው ነው። ብዙዎች የመርፌ ጭረት ድምፅ መጨመር የሚበቃ ይመስላቸዋል። አይበቃም። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመበት ዘመን ሙዚቀኞች አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። የትረምፔቱ ድምፅ የድራሙ ማይክ ውስጥ ይገባል። የምንወደው ሙቀት የሚመጣው ከዚያ መደባለቅ ነው።

ስለዚህ ሳክስፎኖቹንና ትረምፔቱን በአንድ ማይክ ዙሪያ በግማሽ ክብ አቆማለሁ። ትረምፔቱ ከጎላ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ አልነካም፤ ተጫዋቹን «ወንድሜ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ» እለዋለሁ። ድራሙ ከጮኸ ጋቢ ጣል አደርግበታለሁ።

የድሬ ሙቀት ግን ይፈትናል። ክፍሉ ሲግል የትንፋሽ መሣሪያዎች ቅኝት ከፍ ይላል፣ የጊታር ክር ደግሞ ይረግባል። በዘፈኖች መካከል እንደገና መቃኘት ግድ ነው።

ድምፃዊ አሊ ቢራን ያፈራው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተው እዚሁ ከተማችን ነው፤ የእነሱን ዘመን ድምፅ ስንሞክር ልቤ ይሞላል። ልትቀዱ ስትመጡ ታዲያ የየራሳችሁን ድርሻ ለየብቻ አጥንታችሁ ሳይሆን፣ አብራችሁ ተለማምዳችሁ ኑ።