የባትሪ ባሕረ ሐሳብ

የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ዓመት 365 ቀን ብቻ ሆኖ ቢቈጠርና ትርፍ የሆነችው የቀን ሩብ ብትዘነጋ ኖሮ፣ ሒሳቡ በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን፣ በ120 ዓመት ደግሞ አንድ ወር ሙሉ እየሳተ ሄዶ፣ መስከረም ከአደይ አበባ ተለይታ በክረምቱ ጭቃ መካከል በዋለች ነበር። ስለዚህ አበው በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጉሜን 6 ቀን አድርገው፣ በእጅ የተቈጠረውን በሰማይ ከሚታየው ጋር ያስታርቁታል። ይህን ምሳሌ በመቅድሙ ያኖርሁት፣ መብራት ባልደረሰበት ገጠር በግድግዳ ተሰቅላ የባትሪን ኃይል በመቶኛ የምትናገረውን የትንሿን መሣሪያ ባሕርይ ከዚህ አብልጦ የሚገልጥልኝ ስላጣሁ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ቦንጋ የካፋ ዞን ርእሰ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለውና ቡና በዱር የሚበቅልበት ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ይህን ደን የሚያለመልመው ዝናብ የአንድ ክረምት እንግዳ ሳይሆን አብዛኛውን ዓመት የሚመላለስ ቤተኛ ነው፤ ደመናውም ለቡናውና ለንቡ ሲሳይ ሲሆን፣ ከፀሐይ ኃይል ሰብስቦ ለሚያድር ቤት ግን ፈተና ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብር ከ100 ቤተ ሰብ 35ቱ ከዋናው መስመር ውጭ ካለ ምንጭ ብርሃን እንዲያገኙ አስቦ ነበርና፣ ስለ ባትሪ ጤና ማወቅ የጥቂት ባለሙያዎች ምሥጢር ሆኖ ሊቀር አይገባም።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው፣ ዛሬም በየቤቱ የምናየው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልት የተባለው እንደ ሆነ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ባትሪው ሳይሞላም ሳይቀዳም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.7 ቮልት ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢያሳይ እኩሌታው ሄዷል፤ ከ11.9 ቢወርድ ደግሞ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። በሥራ ላይ ሳለ ግን ይህ ልክ አይታመንም፤ ፀሐይ ስትሞላው ከፍ፣ ጭነት ሲጎትተው ዝቅ ይላልና። በሊቲየም ባትሪም ዘንድ ቮልቱ ከሙላት እስከ ጉድለት ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ በቮልት ብቻ መፍረድ እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ ጥበበኞች ሌላ መንገድ አበጁ። በባትሪው ኔጋቲቭ በኩል ሸንት የሚባል፣ ተቃውሞው እጅግ ትንሽ የሆነ የብረት ድልድይ ያኖሩና፣ በዚያ የሚያልፈውን አምፔር እየለኩ፣ የገባውን ይደምራሉ፣ የወጣውን ይቀንሳሉ። መቶኛው የሚገኘው ከዚህ ድምርና ቅናሽ ነው። እንግዲህ መሣሪያዋ ባትሪውን አታይም፤ በበሩ ተቀምጣ ገቢና ወጪን ትመዘግባለች እንጂ በጎተራው ውስጥ ያለውን አትሰፍርም። ከሸንቱ አልፎ በቀጥታ ከባትሪው የታሰረ አንድ አምፖል ቢኖር በሌላ በር እንደሚወጣ እህል ሳይመዘገብ ይሄዳል፤ ጎተራው በእርጅና ቢጠብም መዝጋቢዋ ያንኑ የጥንቱን ስፋት ይዛ ትቈጥራለች። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፖይከርት በ1897 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ደግሞ፣ የእርሳስ ባትሪ በዝግታ ሲቀዳ ብዙ፣ በችኮላ ሲቀዳ ጥቂት ይሰጣል።

እነዚህ ጥቃቅን ስሕተቶች የሚታረሙበት ጳጉሜን አላቸው፤ እርሱም ባትሪው ፈጽሞ የሚሞላበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያዋ ቁጥሯን ወደ 100 መልሳ ከእውነቱ ጋር ትታረቃለች። በቦንጋ ደመና ሥር ግን ይህ ቀን ለሳምንታት ላይመጣ ይችላል። አንድ የገጠር ባለሱቅ በትይዩ የታሰሩ ሁለት ባለ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች፣ በድምሩ 400፣ አሉት እንበል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ0.1 አምፔር በታች ያለውን ፍሰት እንደ ባዶ ስለሚቈጥሩ፣ ወደዚያ ልክ የተጠጋች ቀጭን ፍሰት ቀንና ሌሊት ብታልፍ፣ በቀን 2.4፣ በ60 ቀን 144 አምፔር ሰዓት፣ ይኸውም ከሀብቱ ሢሶ የሚበልጠው፣ ሳይመዘገብ ይጠፋል። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪም ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት እየደረቀ ስለሚጋገር፣ ቁጥሩ በሚሳሳትበት በዚያው ወራት ጎተራው ራሱ ይጠባል።

እንግዲህ መሣሪያዋ 70 ከመቶ እያለች፣ ፍሪጁ ሊነሣ ሲል የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር ጮኾ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ ኢንቨርተሩን ከመኰነኑ በፊት ምስክሮችን ይጠይቅ። 1000 ዋት ለመስጠት ኢንቨርተሩ ከ12 ቮልት ባትሪ፣ በራሱ የሚያባክነው ሲታከልበት፣ 90 አምፔር ያህል ይስባል፤ በመንገዱ ላይ የላላ ብሎን ወይም የዛገ የኬብል ጫፍ የአንድ ኦም መቶኛ ያህል ብቻ ቢቃወመው፣ 0.9 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 81 ዋትም ሙቀት ይሆናል። ብዙዎቹ የ12 ቮልት ኢንቨርተሮች 10.5 ቮልት ገደማ ሲደርሱ ራሳቸውን ስለሚያጠፉ፣ ይህች ጉድለት ጭነት ዝቅ ባደረገው ባትሪ ላይ ስትታከል ለመጥፋታቸው ምክንያት ልትሆን ትችላለች።

ፈተናው ቀላል ነው። የፍሪጅ መነሣት ቅጽበታዊ ስለ ሆነ ቴስተር ሊያመልጠው ይችላልና፣ ከኢንቨርተሩ አቅም የማያልፍ ካውያ ይሰካና፣ ቮልቱ በባትሪው ጫፍ አንድ ጊዜ፣ በኢንቨርተሩ መግቢያ ሌላ ጊዜ ይለካ። ባትሪው 12.0፣ ኢንቨርተሩ ግን 11.1 ቢያሳይ፣ ጥፋቱ በመካከላቸው ካለው ኬብል፣ ፊውዝ ወይም ብሎን ነው፤ ይጸዳ፣ ይጥበቅ፣ ወይም በወፍራምና በአጭር ኬብል ይለወጥ። ሁለቱም አብረው ቢወርዱ ባትሪው ባዶ ወይም ያረጀ ነው፤ እያንዳንዱ ባትሪ ከጓደኛው ተፈትቶና አርፎ ሲለካ፣ አንዱ 2 ቮልት ያህል አንሶ ቢገኝ ከ6ቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷል። ሁለቱም ልኮች ጸንተው ሳሉ ኢንቨርተሩ ቢጠፋ ግን ጥርጣሬው ወደ ኢንቨርተሩና ወደ ጭነቱ ይሄዳል፤ የኢንቨርተሩ ማራገቢያ በአቧራና በነፍሳት እንዳልታፈነ ይታይ፣ ሁሉም ነገር ይነቀልና በአንድ አምፖል ተጀምሮ ሌላው አንድ በአንድ ይመለስ፤ ሲሰካ የሚያጠፋው ራሱን ያጋልጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥንቃቄ አይለይ። በመሞላት ላይ ያለ የአሲድ ባትሪ ሃይድሮጂን ስለሚተፋ ኩራዝም ሆነ ሲጋራ አይቅረበው፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ፤ የቁልፉ እጀታ በፕላስተር ይጠቅለል፤ ባትሪው ከመፈታቱ በፊት የፀሐይ ፓኔሉ የባትሪውን አሞላል ከሚቈጣጠረው ኮንትሮለር ይላቀቅ፤ ኢንቨርተሩም ከጠፋ በኋላ በውስጡ ኃይል ሊያቈይ ስለሚችል ክዳኑን ባለሙያ ያልሆነ አይክፈተው።

በእንቁጣጣሽ ዕለት የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በቤተ ክርስቲያን እንደሚታወጁ፣ ባትሪም የራሱ ዐዋጅ ያስፈልገዋል፤ በካፋ ግን ዝናቡ ከመስከረም ጋር ስለማያበቃ፣ ለዚህ የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብሩህ ወራት ነው። ያን ጊዜ ጭነቱ ተቀንሶ ባትሪው ፈጽሞ ይሞላ፣ የመሣሪያዋ ቁጥር ከ100 ይታረቅ፣ የጐደለው የተጣራ ውሃ ይጨመር፣ ሲያርፍ ያሳየውና ካውያ ተሰክቶ የወረደበት ቮልትም ከነቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ። በክረምት ደግሞ ጎረቤት ጀነሬተር ቢኖር በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ እስከ ሙላት ማድረስ ሁለቱንም፣ ቁጥሩንም ሳህኑንም፣ ያድናል። ደብተሩ ዓመት በዓመት ሲነበብ የባትሪው እርጅና ከሩቅ ይታያል፤ ባለቤቱም ፍሪጁ በጨለማ ሳይቆምበት፣ በዚያው በኅዳርና በታኅሣሥ ከሚሸጠው ቡና ለአዲስ ባትሪ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድሞ ይለያል።