ባዶ ጀሪካን የሰው ሕይወት ያተርፋል! እንዴት?

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና እንሰማለን። ለግንባታ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ፣ ኩሬ ወይም ወንዝ ውስጥ ሊዋኝ የገባ ወጣት ሳይወጣ ቀረ የሚል።

ብረት የሆነው መርከብ ሲንሳፈፍ ሰው ለምን ይሰምጣል? መልሱ ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ነገር ውስጥ አለ። ዛሬ ቀለል አድርገን እናየዋለን፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ቤት ያለውን ጀሪካን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

🔹 መጀመሪያ ስለ ግፊት

አየር ክብደት አለው። ከላያችን ያለው አየር ሁሉ ይጫነናል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከላያችን የሚቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ ግፊቱም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል።

ማረጋገጥ ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ወደ ሰመራ ይዛችሁ ውረዱ። ስትደርሱ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ማንም አልረገጠውም፣ የቆላው አየር ነው የጨመቀው።

ውሃ ደግሞ ከአየር እጅግ ይከብዳል። የ10 ሜትር ጥልቀት ውሃ ብቻውን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል ይጫናል። ሁለት ሦስት ሜትር ስትጠልቁ ጆሯችሁን የሚያማችሁም ለዚህ ነው።

🔹 ታዲያ ምንድን ነው ወደ ላይ የሚገፋን?

በጠለቀ ቁጥር ግፊት ይጨምራል ብለናል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ከስሩ የሚገፋው ውሃ ከላዩ ከሚጫነው ይበልጣል። ትርፉ ግፊት ወደ ላይ ያነሳዋል።

ምን ያህል? የሲራኩሱ ሊቅ አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመት በፊት መልሶታል። ውሃ አንድን ነገር ወደ ላይ የሚገፋው፣ ያ ነገር ገፍቶ ቦታውን የያዘበት ውሃ በሚመዝነው ልክ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን፣ የ1 ሊትር ቦታ የያዘ ነገር የ1 ኪሎ ግፊት ያገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ወሳኙ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የሚይዘው ቦታም ነው። መርከብ ብረት ቢሆንም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብዙ ውሃ ይገፋል። የጣና ታንኳም የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስላለው ነው። ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ለዚህም ነው እያወጡ የሚያደርቁት። ለአየርም ሕጉ ያው ነው፦ ሂሊየም የሞላው ፊኛ ቦታውን ከያዘበት አየር ስለሚቀል ይነሳል፣ በአፋችን የነፋነው ግን ይወርዳል።

🔹 አሁን ወደ ሰው እንምጣ

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳንባውን በአየር ሲሞላ 61 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ስሌቱን ሥሩት፦ ትርፉ 1 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው! ትንፋሹን ሲያስወጣ ደግሞ ያቺም ታልቃለች።

አሁን ይህ ሰው ደንግጦ "አድኑኝ!" እያለ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ እንበል። ሁለት እጅ በአንድ ላይ 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከውሃ የወጣ አካል ደግሞ ውሃው አይሸከመውም። 1 ኪሎ ትርፍ ያለው ሰው 6 ኪሎ ጭነት ተሸከመ ማለት ነው። ይሰምጣል። ሲጮህም አየሩን ያወጣል። ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ሳንባውን ስለሚጨምቀው የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል፣ መመለሱም ይከብዳል።

"እኔ እኮ አሳሌ ሐይቅ ላይ ሄጄ ተንሳፍፌአለሁ" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግን የዳናኪል ጨዋማ ውሃ 1 ሊትሩ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እዚያ ያው 60 ኪሎ ሰው ከ10 ኪሎ በላይ ትርፍ አለው። የኩሬና የወንዝ ውሃ ይህን አይሰጥም። ሙት ባሕር ላይ ተኝተው ስልክ የሚነካኩ ሰዎችን ቪዲዮ አይታችሁ በጣና አትሞክሩት።

🔹 ምን እናድርግ?

👉 ውሃ ውስጥ ችግር ከገጠማችሁ በጀርባ ተኙ። ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ አፍና አፍንጫችሁ ብቻ ከላይ ይሁን። እጃችሁን ከውሃ አታውጡ። በረጅሙ ሳቡና አየሩን ትንሽ ያዙት።

👉 ሰው ሲሰምጥ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይዞ ይወርዳል፣ በዚህም ሁለት ሰው ይሞታል።

👉 ጀሪካን ወርውሩለት! 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ባዶውን 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውሃ ላይ ግን ወደ 19 ኪሎ መሸከም ይችላል። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አፍንጫውን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከበቂ በላይ ነው። ክዳኑ መጥበቁን አረጋግጡ፣ ገመድ ካለ እሰሩበት፣ "ደረትህ ላይ እቀፈው" በሉት። ጀሪካን ከሌለ የተከደኑ ባዶ ሃይላንዶችን ፌስታል ውስጥ ሰብስባችሁ ወርውሩ።

👉 ወዲያው እርዳታ ጥሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።

አንድ ነገር ግን ይሰመርበት፦ ጀሪካን አለ ብሎ ጥልቀቱ የማይታወቅ ጉድጓድ ውስጥ መግባት አይገባም። ከእጅ ካመለጠ ያቺ 1 ኪሎ ብቻ ናት የምትቀረው።

ሰፈራችሁ አጥር የሌለው ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካለ ዛሬውኑ ለወረዳው አሳውቁ፣ ዳር ላይም ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን አስቀምጡ። ታናናሾቻችሁ እንዲያዩት ሼር አድርጉ። መልካም ክረምት!