ዓይኑ የደከመ ቴሌቪዥን

ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረው ቴሌቪዥን ከኋላው ጎበጥ ያለ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ዓይነት ነበር። ድምፁ ደህና ነው፤ ምስሉ ግን እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ መብራት ካልጠፋ አልታይ አለ። አባቴ አጋሮ ከተማ ውስጥ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ጠጋኙ ጀርባውን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ዓይኑ ደክሟል። ይሄ እንኳን አይሠራም» አለ።

ሌላውን ሁሉ የሚጠግን ሰው ይህን ለምን አቃተው? መልሱን ያገኘሁት ኢንጂነሪንግ ስማር ነው።

«ዓይኑ» ያለው ፒክቸር ቱዩብን ነው። ፊቱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ነው። አንገቱ ውስጥ የኤሌክትሮን ጠመንጃ አለ። የጠመንጃው ጫፍ ባሪየም ባለበት ስስ ቅብ ተቀብቶ ወደ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። በባለ ቀለም ቴሌቪዥን ወደ 25 ሺህ ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይስባቸውና የስክሪኑን የውስጥ ገጽ ይመታሉ። እዚያ የተቀባው ፎስፈር ሲመታ ያበራል። አገራችን ስትጠቀምበት በነበረው የፓል ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመሮች አሉት፤ ይህ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል።

ታዲያ የሚደክመው ምንድን ነው? በአብዛኛው ያ ስስ ቅብ ብቻ ነው። ከዓመታት ብዛት ባሪየሙ እየተነነ ያልቃል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረች ትንሽ ጋዝም ትመርዘዋለች። መስታወቱ ደህና ነው። ፎስፈሩም ብዙ ጊዜ ገና ይሠራል። ጠመንጃው ብቻ ቢቀየር ቱቦው እንደገና ያያል ማለት ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ይህንኑ የሚሠሩ ትንንሽ ወርክሾፖች ነበሩ። መጀመሪያ በአንገቱ ጫፍ በኩል አየር ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። ከዚያ አንገቱን ቆርጠው አሮጌውን ጠመንጃ ያወጣሉ፤ አዲሱን አስገብተው መስታወቱን በእሳት ያጋጥማሉ። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ አየሩ በሙሉ መውጣት አለበት።

ፓምፕ ብቻ አይበቃም። የቡና አገር ልጆች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥበት ከቀረው መጋዘን ገብቶ ይሻግታል አይደል? መስታወትም እንደዚያው ውሃና ጋዝ ይይዛል። ስለዚህ ቱቦውን ከ350 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት እያጋሉ አየሩን ይስባሉ። ሲያበቃ ቱቦውን ይዘጉና ውስጡ የተቀመጠ ትንሽ ባሪየም ከውጭ በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ያግላሉ። ባሪየሙ ተንኖ መስታወቱ ላይ እንደ መስተዋት ይለጠፋል፤ የቀረውን ጋዝም ይውጣል።

አሁን የአጋሮው ጠጋኝ ይገባችኋል። መበየጃና መለኪያ ነበረው፤ የቫኪዩም ፓምፕ፣ ትልቅ ምድጃና አዲስ ጠመንጃ ግን አልነበረውም። እንዲህ ላሉ ጠጋኞች የምትቀረው ዘዴ ጠመንጃውን የሚያግለውን ቮልቴጅ ከፍ ማድረግ ነበረች። ምስሉ ለጊዜው ይደምቃል፤ ቅቡ ግን ይበልጥ ቶሎ ያልቃል። ያረጀ በሬን በጅራፍ እንደማረስ ነው።

እነዚያ ወርክሾፖችም ቢሆኑ አልቆዩም። አዲስ ቱቦ ሲረክስ፣ በኋላም ፍላት ስክሪን ሲመጣ ሥራው ነጠፈ። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ደ ሞይን ከተማ የነበረው ሆክ አይ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ፤ መሣሪያዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለ የቴሌቪዥን ሙዚየም ሄዱ።

አንድ አደራ አለኝ። አሮጌ ቴሌቪዥን ብታገኙ እንዳትከፍቱት፣ በድንጋይም እንዳትመቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቱቦው አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለ። ከሁሉም በላይ ውስጡ ባዶ ነው። አጋሮ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ትንሽ ሳሳ ይላል፤ ያም ሆኖ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነን ስክሪን ወደ 10 ኩንታል በሚጠጋ ክብደት ይጫነዋል። 17 ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ፊቱ ላይ ተደርድሮ አስቡት! ሲሰበር መስታወቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ስብርባሪው በየአቅጣጫው ይወረወራል።

የእኛ ቴሌቪዥን ከዚያ ጥገና ቤት አልተመለሰም። ጠጋኙ ለመለዋወጫ ገዛው። ድምጽ ማጉያው ምናልባት የሌላ ሰው ቤት ገብቶ ዜና አንብቧል። እናንተም ቀጥሎ አንድ ዕቃ «ሞቷል» ሲባል ስትሰሙ «ምኑ ነው የሞተው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ አንድ ስስ ቅብ ብቻ ነው።